የሰማይ ዜና ለሕዝብ እንዴት ይድረስ?

(በሥነ ፈለክ ክበብ ስም በተማሪዎች ማኅበር ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ከዋክብት ልናስተምር አይደለም። ለዚያ ሥራ ከእኛ እጅግ የሚበልጡ መምህራን እዚሁ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። እኛ የመጣነው ያጠፋነውን አንድ ጥፋት በግልጽ ለመናገርና ከዚያ ጥፋት ያገኘነውን ትምህርት ለሌሎች ክበቦች ለማካፈል ነው። የቲያትሩም፥ የክርክሩም፥ የቀይ መስቀሉም ክበብ «ይህን ያህል ደክመን ስናዘጋጅ ጋዜጣ አይጽፍልን፥ ራዲዮ አያወራልን» እያለ ሲያማርር እንሰማለን። እኛም እንደዚሁ እናማርር ነበር። አንድ ቀን ግን ራዲዮ አወራልን፤ ያን ጊዜ ማማረሩ ቀርቶ ማፈር ጀመርን።

ነገሩ እንዲህ ነው።

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ማታ ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ነበር። ጨረቃ በምድር ጥላ ውስጥ ጠልቃ እንደ ጋለ ብረት የቀላችው ባገራችን ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ30 እስከ 3 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ነው። ክበባችን ቴሌስኮፑን በስፖርት ሜዳው ላይ አቁሞ የሰፈሩን ሕዝብ ለመጋበዝ ወሰነ። ጥሪውንም ጽፈን ለጋዜጦችና ለራዲዮ ጣቢያዎች ላክን። ከላክንላቸው ሁሉ አንድ የራዲዮ ጋዜጠኛ ብቻ ወረቀቱን ተቀብሎ በቅዳሜ ፕሮግራሙ አነበበልን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

እሑድ ማታ የጳጉሜን ደመና ራርቶልን ሰማዩ ተከፈተ። በሁለት ሰዓት ተኩል ጨረቃ ስትቀላ እኛ ሜዳው ላይ ነበርን፤ እንግዳ ግን አንድም አልመጣም። ከእኛና ከግቢው ዘበኛ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ግርዶሹ አለቀ፤ ጨረቃም እንደ ወትሮዋ ነጭ ሆነች፤ እኛም ዕቃችንን መሰብሰብ ጀመርን። ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ገደማ ሲሆን ግን ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው፥ ልጆቻቸውን አዝለው በበሩ ይገቡ ጀመር። ለካ በወረቀታችን ላይ «ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ30» ብለን ጽፈን ኖሯል። ሰዓቱን ከውጭ አገር ሰንጠረዥ ስንገለብጥ የግሪንዊችን ሰዓት ወደ እኛ አቆጣጠር ሳንመልሰው ቀርተን ነው።

ከመጡት መካከል ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን የያዙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ወደ ሰማይ ቀና ብለው አዩና «ልጆቼ፥ ጨረቃዋስ ደኅና ናት፤ የታመመው ሰዓታችሁ ነው» አሉን። ሳቅን፤ ሳቃችን ግን ከአንገት በላይ ነበር። በማግሥቱ ጋዜጠኛው በማኅበሩ ቢሮ በኩል አፈላልጎ ደወለልን። አልተቆጣም። «እኔ የእናንተን ወረቀት አምኜ ነው ያነበብሁት፤ አድማጭ ግን የሚያውቀው እኔን ነው» አለን። ከቁጣ ይልቅ ይህ ቃል ከበደን።

ከዚያ ወዲህ ተሰብስበን ያንን ወረቀት ቃል በቃል መረመርነው። ስሕተቱ የሰዓት ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ መስመር እርማት ባለቀ ነበር። ስናነበው ግን አራት ስሕተት ተገኘበት።

አንደኛ፥ የመጀመሪያው አንቀጽ ስለ ክበባችን መመሥረት፥ ሁለተኛው ስለ ኮሚቴው አባሎች ስምና ሹመት ይተርካል። ጨረቃ የወጣችው በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው።

ሁለተኛ፥ ወረቀቱን የላክነው ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው። ያን ጊዜ የእሑዱ ጋዜጣ ገጹ ተደልድሏል፤ ካሜራ የሚይዘውም ሰው ለሌላ ሥራ ተመድቧል። አልጻፉልንም ብለን ስናማቸው የነበሩት አዘጋጆች ወረቀታችንን ያገኙት ሰኞ ጠዋት ይሆናል።

ሦስተኛ፥ የሚጠየቅ ሰው ስልክ አልጻፍንበትም። ያ ጋዜጠኛ ሰዓቱን ተጠራጥሮ ሊጠይቀን ፈልጎ እንደ ነበረ በኋላ ነገረን። ቢያገኘን ኖሮ ያ ሁሉ ሕዝብ በከንቱ ባልደከመ ነበር።

አራተኛውና ከሁሉ የሚያሳፍረው፥ ግርዶሹን «በመቶ ዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ» ብለነው ነበር። ይህ እውነት አይደለም። ሙሉ የጨረቃ ግርዶሽ ከአንድ ቦታ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው በአማካይ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ አንድ ጊዜ ይታያል። የሰዓቱ ስሕተት የመጣው ካለመጠንቀቅ ነው፤ ይህኛው ግን እያወቅን የጨመርነው ቅመም ነበር።

ጓደኞቻችን፥ ጋዜጠኛ እንደ እኛ ሰው ነው። በጠረጴዛው ላይ በየቀኑ የወረቀት ክምር ይጠብቀዋል። እያንዳንዱ ወረቀት ደግሞ «እኔን አንብበኝ» ይላል። እርሱ ከዚያ ውስጥ የሚፈልገው ሕዝቡ ምን እንደሚያይ፥ መቼ፥ የትና ማን እንደሚያሳየው ነው። እኛ ክበብ መሆናችን ለእርሱ ዜና አይደለም፤ ኮሚቴ መምረጣችንም ዜና አይደለም። የሰፈሩ ልጅ የጨረቃን ተራራ በገዛ ዓይኑ ማየቱ ግን ዜና ነው። ስለዚህ አሁን የምንጽፈው ወረቀት ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ በመጀመሪያው አንቀጽም ነገሩ ሁሉ ያልቃል። የክበባችን ታሪክ ከግርጌ በሁለት መስመር ይቀመጣል፤ ቦታ ከጠበበ አዘጋጁ ይቈርጠዋል፥ እኛም አንቀየምም።

ስለ ሰዓት ደግሞ ይህን ሕግ አውጥተናል። የሰማይ ሰንጠረዦች አብዛኞቹ በግሪንዊች ሰዓት የተጻፉ ናቸው። እኛ ከግሪንዊች 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ ያገራችን የሰዓት አቆጣጠር ደግሞ ከፈረንጁ በ6 ሰዓት ይለያል። በጳጉሜኑ ግርዶሽ ሰንጠረዡ 17:30 ይል ነበር። 3 ሲጨመርበት 20:30 ይሆናል፤ ይህም በእኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ነው። አሁን አንዱ ያሰላል፥ ሌላው ሳያየው እንደገና ያሰላል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ወረቀቱ አይወጣም። ቀኑም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከነስሙ ይጻፋል፤ «እሑድ» የሚለው ቃል ብዙ የቁጥር ስሕተት ያጋልጣልና። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ አበቅቴንና መጥቅዕን አውጥተው በዓሉን ለሕዝብ ሲያውጁ በቁጥር አይቀልዱም ነበር፤ እኛም በቁጥር የምንቀልድበት ምክንያት የለንም።

አሁን ስለ ቅመሙ እንናገር። የሰማይን ነገር አጋንኖ መናገር ቀላል ነው፤ ሰሚው ወዲያው መርምሮ ሊደርስበት አይችልምና። እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 2003 ማርስ ወደ ምድር እጅግ ቀርባ ነበር፤ ርቀቷ ወደ 56 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወረደ። ይህ እውነተኛ ዜና ነበር። ዳሩ ግን አንድ የተጣመመ መልእክት «ማርስ እንደ ሙሉ ጨረቃ ገዝፋ ትታያለች» ብሎ ዓለምን ዞረ፤ ከዚያም በኋላ በየዓመቱ ኦገስት ሲመጣ ያው ወሬ እንደ አዲስ ተነሣ። ማርስ በዓይን ለሚያያት ሰው እንደ ጨረቃ ገዝፋ ልትታይ ከቶ አትችልም። ያን ወሬ አምኖ ውጭ ያደረ ሰው ያየው አንዲት ቀይ ነጥብ ነው። ያ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛው ዜና ሲነገረው ከቤቱ ይወጣል ወይ? ይህ ነው ጥያቄው።

በዚህ ነገር በክበባችን ውስጥ ብርቱ ክርክር ተነሣ። ክርክሩ የተነሣው በኅዳር 2018 ዓ.ም. ስላዘጋጀነው የቡና ማታ ነው።

እንደምታስታውሱት እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር አገሮች ሁሉ አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይሙ ጋብዞ ነበር። የኢትዮጵያ ድርሻ በአንድሮሜዳ የከዋክብት ስብስብ ውስጥ የሚገኝ ኮከብ ሆነ። ኮከቡ «ቡና»፥ በዙሪያው የሚዞረው ከጁፒተር የከበደ ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተባለ። ስሙም በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ታወጀ። በጥንት ግሪኮች ተረት አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት ይባላልና፥ ቡናው የተፈላው በዘመድ ቤት ነው ማለት ይቻላል።

ቡና ከእኛ ወደ 200 የብርሃን ዓመት ያህል ይርቃል። ዛሬ የምናየው ብርሃኑ የተነሣው በዘመነ መሳፍንት ነው። በዓይን ብቻ አይታይም፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን እንደ ብርሃን ነጥብ ይታያል። አቦል ግን በእኛ መሣሪያ ፈጽሞ አይታይም። መኖሩም የታወቀው ታይቶ ሳይሆን ኮከቡን በስበቱ ወዲያና ወዲህ ሲያንቀሳቅሰው ከብርሃኑ ተለክቶ ነው።

እንግዲህ ከመካከላችን ግማሾቹ «አቦልን ኑና እዩ ብንል ምን አለበት? ስሙ ብቻ ከተማውን ያመጣዋል። ሕዝቡ ከመጣ በኋላ እውነቱን እንነግረዋለን፤ ካልመጣ ግን ማንን እናስተምራለን?» አሉ። ይህ አሳብ የሞኝ አሳብ አይደለም። ያሉትም ጓደኞቻችን ለክበቡ ከሁሉ ይልቅ የደከሙ ናቸው። ሌሎቻችን ደግሞ «በመጀመሪያ በሐሰት የተጠራ ሰው በኋላ የሚነገረውን እውነት በምን ይለየዋል? ጋዜጠኛውስ ስሙን ለሁለተኛ ጊዜ ያበድረናል ወይ?» አልን። ክርክሩ ከመሸ በኋላም ቀጠለ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታው ንግግር አልነበረም፤ አንዱ ጓደኛችን የእኚያን ሽማግሌ ቃል አስታወሰን። ከዚያ በኋላ ድምፅ መስጠት አላስፈለገም።

የላክነው ወረቀት ይህ ነበር፤

«ቅዳሜ ኅዳር 13 ቀን 2018 ዓ.ም. ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት፥ በዩኒቨርሲቲው ስፖርት ሜዳ፥ ኢትዮጵያ ‹ቡና› ብላ የሰየመችው ኮከብ ለሕዝብ በቴሌስኮፕ ይታያል። ኮከቡ ያለ መሣሪያ አይታይም። ‹አቦል› የተባለው ፕላኔቱ በእኛ ቴሌስኮፕም አይታይም፤ ለምን እንደማይታይና እንዴት እንደ ታወቀ እናስረዳለን። ሳተርንም ትታያለች፤ ቀለበቷ ግን ዘንድሮ በጎኑ ስለ ዞረብን እንደ ቀጭን መስመር ነው የሚታየው። ቡና ይፈላል። መግቢያ በነጻ ነው። ሰማዩ ከደመነ በማግሥቱ እሑድ በዚያው ሰዓት ይደረጋል።»

ቀኑን ስንመርጥም አስበንበታል። ቅዳሜ ሰው ከሥራ ያርፋል፤ ጨረቃ አዲስ ስለ ነበረች ቶሎ ገብታ ሰማዩን ለከዋክብት ትለቃለች። ዓርብ እንዳናደርገው ኅዳር 12 ነው፤ ኅዳር ሲታጠን ከተማው ሁሉ ጭስ ይሆናል። ወረቀቱን ለጋዜጦች ከሁለት ሳምንት በፊት፥ ለራዲዮ ከአንድ ሳምንት በፊት ላክን። በዋዜማው ደግሞ በስልክ አስታወስን። ለዚያ የራዲዮ ጋዜጠኛ ግን ወረቀት አልላክንም፤ ራሳችን ሄደን በእጁ ሰጠነው፥ ይቅርታም ጠየቅነው። አነበበውና ሳቀ። በፕሮግራሙም መክፈቻ ላይ «አቦሉ አይታይም፥ ቡናው ግን ይጠጣል» ብሎ ጀመረ። እኛ ይጎዳናል ብለን የፈራነው ቃል፥ አይታይም የሚለው ቃል፥ ለእርሱ ዋና ዜና ሆነለት።

በዚያች ማታ ሰልፉ ከሜዳው መካከል እስከ በሩ ደረሰ። ከአንድ ጋዜጣም ፎቶግራፍ አንሺ መጣ። ለእርሱ አስቀድመን አንድ ነገር አዘጋጅተን ነበር። የሰው ዐይን ጨለማን በሚገባ ለመልመድ ሃያ ደቂቃና ከዚያም በላይ ይፈልጋል፤ አንድ የካሜራ ፍላሽ ግን ያን ሁሉ ባንድ ቅጽበት ያጠፋዋል። ስለዚህ ፎቶግራፍ አንሺው ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲመጣና ሕፃናት ቴሌስኮፑን ሲነኩ፥ ረከቦቱ ሲዘረጋ በቀን ብርሃን እንዲያነሣ ለመንነው። ከመሸ በኋላ ደግሞ በቀይ ላስቲክ በተሸፈነ የእጅ ባትሪ ብቻ እንዲሠራ ተስማማን። ልጆቹን ከማንሣቱ በፊት ወላጆቻቸውን ጠየቅን። የእኛ ቴሌስኮፕ ስፋቱ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ በእንጦጦ ተራራ እንዳሉት ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ሁለት ቴሌስኮፖች የሚያስደንቅ የኮከብ ሥዕል ልናወጣ አንችልም። እኛ ያለን የሚያይ ሰው ፊት ነው። ጋዜጣውም ያወጣው የኮከብ ሥዕል ሳይሆን በአንድ ዓይኗ ጨፍና በሌላው የምታይ የአንዲት ልጅ ፊት ነበር።

እኚያም ሽማግሌ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጡ። ከበሩ ላይ ሆነው ሰዓታቸውን እያዩ «ዛሬስ ተሽሏታል?» አሉን።

ክቡራንና ክቡራት፥ ይህን ሁሉ የተረክነው ለራሳችን ምስጋና ለማግኘት አይደለም። ከፊታችን ከቡና ማታ እጅግ የሚከብድ ነገር ስላለ ነው። ሰኞ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ታላቅ የፀሐይ ግርዶሽ ይሆናል። ሙሉው ግርዶሽ ከጅብራልታር ወገን ተነሥቶ በሰሜን አፍሪካ፥ በግብፅ፥ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን አልፎ የሶማሊያን ጫፍ ይነካል። በግብፅ ሉክሶር ፀሐይ ከስድስት ደቂቃ በላይ ፈጽማ ትሸፈናለች። በእኛ አገር ግን ግርዶሹ ከፊል ብቻ ነው፤ ቀኑም አይጨልምም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በላሊበላ እንደ ታየው የቀለበት ግርዶሽም አይደለም።

ታዲያ «ቀኑ ሌሊት ይሆናል» የሚል ወሬ ከውጭ ዜና ተገልብጦ እንደሚመጣ ከአሁኑ መገመት ይቻላል። በጨረቃ ግርዶሽ የተሳሳተ ሰው የሚያጣው እንቅልፉን ነው። በፀሐይ ግርዶሽ የተሳሳተ ሰው ግን ዐይኑን ሊያጣ ይችላል። የዐይን የውስጥ መጋረጃ ሲቃጠል ሕመም አይሰማም፤ ሰውየው መጎዳቱን የሚያውቀው ከቈየ በኋላ ነው። ጥላሸት የተቀባ መስታወት፥ የራጅ ፊልም፥ ተራ የፀሐይ መነጽር፥ በሳፋ ውኃ ላይ የሚታይ የፀሐይ ምስል፥ እነዚህ ሁሉ ዐይንን አያድኑም። የሚያድነው ለዚሁ ሥራ ተብሎ በመለኪያ የተሠራ የግርዶሽ መነጽር ነው። እርሱ ካልተገኘ በካርቶን ላይ በመርፌ ቀዳዳ አብጅቶ ጀርባን ለፀሐይ በመስጠት በቀዳዳው ያለፈውን ብርሃን በነጭ ወረቀት ላይ ማየት ነው። ግርዶሹ ከፊል በሆነበት አገር መነጽሩ ለአንዲት ደቂቃም አይወልቅም።

ይህን ቃል ለሕዝብ የሚያደርሰው ጋዜጠኛው ነው። እርሱም የሚያምነን ከዚህ በፊት በትንሹ ነገር ያልዋሸነው እንደ ሆነ ነው። «አቦል ይታያል» ብለን ሕዝቡን ጠርተን ቢሆን ኖሮ፥ «ፀሐይን በዓይናችሁ አትዩ» ስንል ማን ይሰማናል? ስለ ጥቃቅኑ ነገር ያን ያህል የተከራከርነው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ ዛሬ ከማኅበሩ አባሎች የምንለምነው ሦስት ነገር አለ።

መጀመሪያ፥ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ከየክፍለ አገሩ የመጣ ተማሪ አለ። እያንዳንዳችሁ የምንሰጣችሁን አንድ ገጽ ማስጠንቀቂያ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ጽፋችሁ ለትውልድ አገራችሁ የራዲዮ ጣቢያ ላኩልን። የከተማ ጋዜጣ የማይደርስበት ቦታ ራዲዮ ይደርሳል።

ሁለተኛ፥ መምህራኖቻችን ከመላካችን በፊት ወረቀቱን እንዲመረምሩልንና ጋዜጠኛ ሲደውል የሚመልስ አንድ መምህር እንዲመደብልን እንለምናለን። ተማሪ በክረምት ወደ ቤቱ ይበተናል፤ ግርዶሹ የሚሆነው ደግሞ በሐምሌ ነው።

ሦስተኛ፥ ሐምሌ የዝናብ ወር ነውና ደመናው ፀሐይን ፈጽሞ ሊሸፍናት ይችላል። ይህንንም በወረቀታችን ላይ ከመጀመሪያው እንጽፋለን። «ይህን ብትጽፉ ሰው አይመጣም» የሚል ቢኖር፥ አቦል አይታይም ብለን በጻፍን ጊዜ ሜዳው መሙላቱን አስታውሱት።

በመጨረሻ አንድ ቃል እንጨምርና እንቀመጣለን። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1610 ጋሊሌዮ በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን ባየ ጊዜ፥ በማርች ወር ያየውን ሁሉ በትንሽ መጽሐፍ አሳትሞ አወጣ። በመጽሐፉም የየሌሊቱን አቀማመጥ ከነቀኑና ከነሰዓቱ በሥዕል አሳየ። ሌላው ሰው ማድረግ የነበረበት ቀና ብሎ መመልከት ብቻ ነው። ቶሎ መናገር፥ ቀኑንና ሰዓቱን አጣርቶ መጻፍ፥ ያዩትን ብቻ መመስከር፤ የሰማይ ዜና አነጋገር ከዚያ ወዲህ የተለወጠ አይመስለንም።